ተኝተው የሚታከሙ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን በሕክምናቸው ውሳኔ የሚኖራቸው ድርሻ፦ በሐዋሳ ሁኔታ

ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ መስማትንና ከእውነታ የራቀ እምነትን ሊያስከትል የሚችል ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ያለበት ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ስለ መድኃኒቱና ስለ ቀጣይ ክትትሉ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ የሚወስንበት አሠራር የጋራ ውሳኔ ይባላል። ሐኪሙ ስለ ሕመሙ፣ ስለ አማራጭ መድኃኒቶችና ስለ ጎንዮሽ ጉዳታቸው ያስረዳል፤ ታካሚው ደግሞ ስለ ኑሮው፣ ስለ ሥራው፣ ከዚህ ቀደም የትኛው መድኃኒት እንደተስማማውና የትኛው እንዳስመረረው ይናገራል። ውሳኔው ከሁለቱ እውቀት ይወለዳል።

በሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ በሐዋሳ ጉዳዩ ከሁለት ሰዎች ያለፈ ነው። ከታካሚው አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚ አለ፤ ወጪውን የሚችለውም፣ ለሐኪሙ ታሪኩን የሚናገረውም እሱ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ቢሆንም፣ ጥያቄው ሁሉ ለአስታማሚው ሲቀርብ ታካሚው ስለራሱ ሕይወት በሚደረግ ንግግር ላይ ዝም ብሎ ተመልካች ይሆናል። ቋንቋም የራሱ ጫና አለው፤ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የሚያስብ ሰው በአማርኛ የተነገረውን የጎንዮሽ ጉዳት በሚገባ ላይረዳ ይችላል። በሌላ በኩል በሲዳማ ባህል አፊኒ የሚባለው የምክክር ሥርዓት ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ እንዲሰማ ይጠይቃልና፣ ታካሚውም ይደመጥ ማለት ለአካባቢው ቤተሰብ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም።

ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ተቃውሞ «መታመሙን የማይቀበል ሰው እንዴት ይወስናል?» የሚል ነው። ሕመምን አለመቀበልና መወሰን አለመቻል ግን አንድ አይደሉም። የመወሰን አቅም እንደ ቀኑና እንደ ጉዳዩ ይለያያል፤ ስለ ሆስፒታል መግባቱ ማመዛዘን ያቃተው ሰው፣ ከሁለት መድኃኒቶች የትኛው እንደሚያንቀጠቅጠው በትክክል ሊናገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ሆስፒታል ከተኙት የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በሁሉም የመወሰን አቅም መለኪያዎች በቂ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በወጣ የጀርመን ጥናት ደግሞ 107 ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማን ተሳትፈዋል። በውሳኔ እንዲሳተፉ የተደረጉት ስለ ሕመማቸው ያላቸው እውቀትና የተሳትፎ ስሜታቸው የጨመረ ሲሆን፣ የሐኪሞቹ የምክክር ጊዜ አልተራዘመም። ሰዓት የለንም ለሚል ባለሙያ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ክብደት ሊኖረው ይገባል።

ምክክሩ በጣም የሚያስፈልገው በመድኃኒት ምርጫ ላይ ነው። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሃሎፔሪዶል ጡንቻ ሊያገትር፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ኦላንዛፒን ደግሞ ክብደትና የደም ስኳር ሊጨምር ይችላል። በባጃጅ ሹፌርነት ለሚተዳደር ሰው የመጀመሪያው፣ በቤተሰቡ የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ይህን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። በየቀኑ ኪኒን ከመዋጥ ይልቅ በየጥቂት ሳምንታት የሚወጋ መርፌ ለአንዱ እፎይታ ሲሆን፣ ከሩቅ ወረዳ ለሚመላለስ ሌላው የትራንስፖርት ወጪ ነው። በጾም ወቅት መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ታካሚ አስቀድሞ ቢጠየቅ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር በብዙ ሁኔታ ይቻላል። ጠበል ወይም ጸሎት የሚሻ ሰውም ሳይሸማቀቅ ቢናገር፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲሄድ መስማማት ይቻላል።

ተሳትፎው ገደብ አለው። ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን ለከባድ አደጋ በሚያጋልጥበት ሰዓት ባለሙያው ያለ ስምምነቱ ሊያክመው የሚገደድበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜም ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሆነ መንገር፣ ሲረጋጋም ስለተደረገው ነገር ከእሱ ጋር መነጋገር ግዴታ ነው እላለሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት እኩል እውቅና እንዳላቸውና ውሳኔ ለመስጠት ድጋፍ እንደሚገባቸው ይደነግጋል፤ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም ይካተታሉ።

ከሆስፒታል መውጫው ቀን ለምክክር የተሻለ ጊዜ ነው፤ ታካሚው ተረጋግቷል፣ ያለፈውንም ያስታውሳል። እንቅልፍ ሲጠፋ ወይም ድምፅ መስማት ሲመለስ ማን እንደሚጠራ፣ የትኛው መድኃኒት እንዲሰጠው እንደሚፈልግና የትኛውን እንደማይፈልግ በራሱ ቃል ተጽፎ አንዱ ቅጂ በካርዱ ውስጥ፣ ሌላው በአስታማሚው እጅ ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መናገር ቢያቅተው እንኳ ሐኪሙ ፈቃዱን አንብቦ ማወቅ ይችላል።