«ሞራው ገና አልበሰለም» እና ሌሎች ዓይን የሚያጠፉ አባባሎች

በዓይን ክሊኒክ ነርስነቴ እንደ «አልበሰለም» የሰለቸኝ ቃል የለም። አዛውንቱ በልጅ ልጃቸው እጅ እየተመሩ ይገባሉ። «እስካሁን የት ነበሩ አባቴ?» ስል መልሱ ያው ነው፦ «እስኪበስል ጠብቁ ተብለን ነው ልጄ።» ማን አለ? ጎረቤት፣ ከዓመታት በፊት የተሠራላቸው አክስት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው። የሚያናድደኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ሞራ ማንጎ አይደለም። ዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው ሞራ የምንለው። ምክሩ ድሮ ምክንያት ነበረው፤ የደፈረሰው ሌንስ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚተካ ነገር ስላልነበረ ታካሚው ዕድሜ ልኩን በወፍራም መነጽር ይኖር ነበር። ያኔ ሐኪሙ ሰውዬው ማየት እስኪያቅተው ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በ1949 እ.ኤ.አ. ግን እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ አስገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፍንጣሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ያ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተውሎ ነበር። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ የሀብታም ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1992 እ.ኤ.አ. የሕንዱ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል አውሮላብ የተባለ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ዋጋውን ከሰበረው ወዲህ ለድሃ አገር ታካሚም ደረሰ። ዛሬ ዓይን ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፤ አብዛኛው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በማግስቱ ፋሻው ይነሳል።

ስለዚህ መብሰሉን ተዉት። ብር መለየት፣ ምስር መልቀም፣ ዳዊት መድገም፣ ደረጃ መውረድ ካስቸገረ ጊዜው ደርሷል።

መጠበቅ ደግሞ ያስከፍላል። የቆየ ሞራ ይጠነክራል፣ ቀዶ ሕክምናውም ይከብዳል። አንዳንዱ ያብጣል ወይም ይፈስና የዓይንን ግፊት ያንረዋል፤ ዓይኑ ይቀላል፣ ሕመሙ ያስመልሳል፣ ነርቩ ይሞታል። አንዲት እናት ከገጠር እንዲህ ሆነው መጡ። የግራ ዓይናቸው ተሠርቶ ያያሉ። ቀኙ ብርሃን እንኳ አይለይም ነበር፤ የሞተ ነርቭን የሚያስነሳ ሌንስ ደግሞ የለም። ልጃቸው «ታዲያ አሁን በስሎ የለ?» አለኝ። ምን ልበለው?

በሕፃናት ሲሆን ይብሳል። ሞራ ይዞ የሚወለድ ልጅ አለ፣ ዘመድም «ሲያድግ ይሠራለታል» ይላል። አንጎል ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ ዓይኑ ቢጸዳም አንጎሉ አያይበትም። የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ካያችሁ በዚያው ሳምንት አምጡት። ሞራ ባይሆን ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ እሱም አይጠብቅም።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ዓይነ ስውራን የ87ቱ ያህል መንስኤ ሊወገድ የሚችል እንደነበር አሳይቷል። ከመቶው የግማሹ መንስኤ ሞራ ነበር። ይደረጋል።

«ዓይኑን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል።» ማንም አያወጣም።

«ሞራ የሚያሟሟ ጠብታ አለ።» የለም። የሚሸጥላችሁ ሰው ግን አይጠፋም።

«ተሠርቶልኝ ተመልሶ መጣ።» ሞራ አይመለስም። ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ከጊዜ በኋላ ሊደፈርስ ይችላል፤ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል።» አያሰንፍም። ሰሌዳው ሳይታየው ሰነፍ የተባለ ተማሪ ግን ብዙ ነው።

«በወረንጦ ስነቅለው ይሻለኛል።» ተላላፊው የዓይን በሽታ ትራኮማ የዓይን ቆቡን አጥፎት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ሲገባ እናቶቻችን የሚያደርጉት ይህን ነው። ለጥቂት ቀን ያሳርፋል። ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅልና ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ጠባሳው ደግሞ አይለቅም። በዘመቻ የሚታደለው የትራኮማ መድኃኒት ዚትሮማክስም ተህዋሲውን ይገድላል እንጂ የታጠፈ ቆብ አያቀናም። ያንን የሚያቀናው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃም ይሠራል። ለልጆቹ ፊት ማጠብና ሽንት ቤት ይቅደም፤ ዝንቧ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው።

«ካላመመኝ ደህና ነኝ።» የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድለው ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እይታን ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ ሲታወቅ የሄደው አይመለስም። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው ሳያምማችሁ ተመርመሩ። የስኳር ሕመምተኞችም በየዓመቱ።

የመጨረሻዋ፣ «ዓይኔ ሲቀላ የባለፈውን ጠብታ አደርጋለሁ።» ያ ጠብታ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ነው። መቅላቱን ወዲያው ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል፣ ለጎረቤትም ያውሰዋል። ያለ ሐኪም ክትትል ሲለመድ ግን የዓይንን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል፤ ቁስል ካለ ያባብሰዋል። ስትመጡ ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። «ዴክሳ» የሚል ካለበት ለምን ያህል ጊዜ እንዳደረጋችሁት ሳትደብቁ ንገሩን፤ ግፊቱን እንለካለን።