ለፈሪ ውሻ ቤት ውስጥ ጥፍር መቁረጥ

የውሻ ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ግን ደም ሥርና ነርቭ ያለው ስስ ሥጋ አለ። መቁረጫው እሱን ከነካው ውሻው በጣም ያመዋል፣ ይደማልም። ብዙ ውሾች መቁረጫውን ሲያዩ አልጋ ሥር የሚገቡት አንዴ ይህ ስለደረሰባቸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ በቡችላነታቸው እግራቸውን የሚነካቸው ሰው ስላልነበረ መያዙ ራሱ ያስፈራቸዋል።

ድንጋይና ኮብልስቶን ላይ የሚሮጥ ውሻ ጥፍሩ በራሱ ይሞረዳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚውለው ይህን ዕድል አያገኝም። ሴራሚክ ላይ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ጥፍሩ ረዝሟል። የረዘመ ጥፍር ጣቱን እየገፋ አረማመዱን ያበላሻል። በፊት እግር ውስጠኛ ጎን ከፍ ብላ ያለችው ጥፍር ደግሞ መሬት ስለማትነካ ጨርሶ አትሞረድም። ከተረሳች ተቆልምማ ሥጋ ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

ዋናው ሥራ ማለማመዱ ነው፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ ትከሻውን ነካ አድርጎ ወዲያው ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ መስጠት ነው። ተረጋግቶ ከተቀበለ ወደ ክንዱ፣ ከዚያ ወደ መዳፉ፣ በመጨረሻም ወደ ጣቱ መውረድ ይቻላል። መንካቱ ይቀድማል፣ ምግቡ ይከተላል። ምግቡ ከቀደመ ውሻው ዶሮ ባየ ቁጥር «አሁን ሊይዙኝ ነው» ማለት ይጀምራል። የመቁረጫውን ድምፅ ለማስለመድ ጥሬ ፓስታ አጠገቡ ቀጭ እያደረጉ መቁረጥ በጣም ይረዳል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጥፍር ብቻ ተቆርጦ ቢያበቃ ምንም አይደለም። አብዛኞቹ ውሾች 18 ጥፍር አላቸው፤ ሁሉንም ዛሬ ካልጨረስኩ ማለት ነው ነገሩን የሚያበላሸው።

ውሻው ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ ወይም ድርቅ ብሎ ከቀረ በቃኝ እያለ ነው። ሲያጉረመርም መቆጣት ትልቅ ስህተት ነው። ማስጠንቀቂያውን የተከለከለ ውሻ በቀጥታ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል። ለሁለት ለሦስት ተጭኖ መያዝማ ለሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ፍርሃት ማቆየት ነው።

ሲቆረጥ ጣቱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት በቀስታ ይያዛል። እግሩን ወደ ጎን መሳብ ያሳምመዋል። ነጣ ያለ ጥፍር ውስጥ ሥጋው ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ መቁረጥ ነው። ጥቁር ጥፍር አያሳይም፤ ስለዚህ በስሱ በስሱ እየላጡ የተቆረጠውን ፊት ማየት ያስፈልጋል። መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ካለ እዚያ ላይ ማቆም ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከተቆረጠ ውስጡ ያለው ሥጋም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል።

አርፎ ለማይቆም ውሻ ሳህን ላይ የለውዝ ቅቤ ቀብቶ እያላሱ መቁረጥ ይሠራል። ማሸጊያው ላይ ዛይሊቶል (በስኳር ምትክ የሚገባ ማጣፈጫ) የሚል ካለ አይሰጠው፤ ለውሻ መርዝ ነው። መቁረጫ ጨርሶ ለማይወድ ደግሞ ሳንቃ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፎ በፊት እግሮቹ እንዲቧጭር ማስተማር ይቻላል። ራሱ ይሞርደዋል፣ የሚይዘውም ሰው የለም። እኔ ለፈሪ ውሻ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።

ከደማ የበቆሎ ስታርች ጥፍሩ ጫፍ ላይ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መጫን ነው። ሰው ከተነከሰ ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ የውሻ እብደት በሽታ ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ይገድላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ፍርሃቱ ካልቀነሰ የእንስሳት ሐኪም ከመቁረጡ በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ ሊያዝ ይችላል። አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልን የመሳሰሉ የሰው መድኃኒቶችን በራስ ግምት መስጠት ግን ውሻውን ሊገድለው ይችላል።