ጠቅላላ ውክልና ምንድን ነው? ወካዩ ችሎታ ሲያጣስ?

«አባታችን ጠቅላላ ውክልና ሰጥተውናል፤ ቢታመሙም አንቸገርም።» አያት፣ የካ አባዶና ለገጣፎ አካባቢ ከሚመጡ ባለጉዳዮች ይህን በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ጠቅላላ ውክልና አስጽፉ፣ ከዚያ ወዲያ ስትሮክ ቢመታቸውም ቤቱም የባንክ ገንዘቡም በእጃችሁ ነው እያለ ሲመክር ሰማሁ። ይህን ምክር ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ሰነዱ በጣም በሚያስፈልገው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

ውልና ማስረጃ ሄዶ እንዴት እንደሚፈረም አልዘረዝርም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የተዘነጋው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2232 የሚለው ነው። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት፣ መጥፋቱ በፍርድ ሲወሰን፣ ችሎታ ሲያጣ ወይም ሲከስር ውክልናው ቀሪ ይሆናል። እዚህ ላይ ችሎታ ማለት አስተውሎ በራስ ጉዳይ መወሰንና መፈረም መቻል ነው። ሞት ውክልናን እንደሚያስቀር ብዙ ሰው ያውቃል። ችሎታ ማጣት ከሞት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀመጡን ግን ልብ የሚል የለም።

በከተማው ዳርቻ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ቆጣሪ እስኪገባለት ከጎረቤት መብራት ይስባል። ገመዱ የራሱ ነው፣ አምፖሉም የራሱ ነው፤ ኃይሉ ግን የሚመጣው ከጎረቤት ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ሲቋረጥ የእሱም ቤት ይጨልማል፣ ገመዱ ምንም ሳይሆን። ተወካይም እንዲሁ ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ አለ፣ ሥልጣኑ ግን የሚፈሰው ከወካዩ ችሎታ ነው።

ሕጉ እንዲህ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ተወካዩን ጠርቶ «የሠራኸውን አሳየኝ» ማለት ይችላል። የውክልና መተማመኛው ይህ ነው። ወካዩ መሻርም መጠየቅም ሲያቅተው ተወካዩን የሚቆጣጠር ሰው አይኖርም። በዳርቻው የምናያቸው ብዙዎቹ ሽማግሌዎች የእርሻ መሬታቸው ለልማት ተወስዶ የካሳ ገንዘብ ባንክ ያስቀመጡ ወይም ሰርቪስ ቤት አከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ያላቸው ያቺው ብቻ ናት፤ ማንም ሳያይ ልታልቅ ትችላለች።

ያ አስተያየት ሰጪ አንድ መከራከሪያ ነበረው። «ሰው በፍርድ እስካልተከለከለ ድረስ ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት እስኪወስን ውክልናው ይሠራል» ይላል። በፍርድ መከልከል ማለት ፍርድ ቤት ሰውዬው ጉዳዩን በራሱ እንዳያካሂድ ሲወስን ነው። ግምቱ በሕጉ አለ፣ አልክድም። ግን ግምቱ የቆመው ሰውዬውን ከመብቱ በዘፈቀደ እንዳይነጥሉት ለመጠበቅ ነው፤ ልጁ አባቱ በማያውቁበት ሰዓት ንብረታቸውን እንዲያዝበት አይደለም። ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ታማኝ የመሆን ግዴታም አለበት። አባትየው ልጆቻቸውን በማይለዩበት ሁኔታ ላይ እያሉ ታላቁ ልጅ ቤት ቢሸጥ፣ ታናናሾቹ ነገ ክስ ሲያቀርቡ የሐኪም ማስረጃና ምስክር ይዘው ነው የሚመጡት። ገዢውም አብሮ ይጎተታል። ክርክሩ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ቤት አይሸጥም።

«ጠቅላላ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ከጎረቤት የተሳበው ቀጭን ገመድ አምፖል ያበራል እንጂ የእንጀራ ምጣድ አይሸከምም። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ፣ መለገስ፣ በክርክር መታረቅ፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ልዩ ውክልናም ቢሆን ወፈር ያለ ገመድ ነው፤ ቆጣሪው ያው የወካዩ ነው፣ ከችሎታው ጋር ይቋረጣል።

ታዲያ መፍትሔው የት አለ? እዚያው ቁጥር 2232 ውስጥ፣ «በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር» በሚለው ሐረግ። ወካዩ አእምሮው ሙሉ ሳለ፣ ችሎታ ባጣም ጊዜ ውክልናው እንዲቀጥል በግልጽ ማስጻፍ ይችላል። የተለመደው የውክልና ቅጽ ላይ ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ካላስጻፋችሁት ማንም አይጽፍላችሁም። ስታስጽፉ ግን ሥልጣኑን አጥብቡት። ኪራይ ይሰብስብ፣ የሕክምና ወጪ ይክፈል፣ ቤቱን ግን አይሽጥ ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ተወካዩ በየጊዜው ሒሳብ የሚያሳየው ሌላ ሰው በስም ይጻፍ፤ ሌላ ልጅ፣ ወንድም፣ የምታምኑት የእድር ዳኛ። የወካዩን ዓይን የሚተካው ይህ ሰው ነው።

አካል መታመም ችሎታ ማጣት አይደለም። እናት ከአልጋ መነሳት ቢያቅታቸውም የሚፈርሙትን እስከተረዱ ድረስ ዛሬም ውክልና መስጠት ይችላሉ።

ኑዛዜም ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም፣ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነውና። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ፣ በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንደኛው የጋራ ንብረቱን ማስተዳደር ሲያቅተው ሌላኛው ብቻውን ያስተዳድራል፤ ማስተዳደር ግን መሸጥ አይደለም። ይህ አዲስ አበባ ላይ ነው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ የሚኖር ሰው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ስለሚዳኝ የዚያን ሕግ አንቀጽ ማየት አለበት።

አባት ቀድሞውኑ ሰው መለየት ካቆሙና እንዲህ ያለ ቃል ካልተጻፈ፣ አሮጌውን ውክልና ይዞ ባንክ ለባንክ መዞር ትቶ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በፍርድ እንዲከለከሉና ሞግዚት እንዲሾምላቸው የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዐቃቤ ሕግም ማመልከት ይችላሉ። የሐኪም ማስረጃውን አሟልታችሁ፣ ወንድምና እህቶች ማን ሞግዚት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ ሂዱ። ስምምነት ሳይኖር የሚቀርብ ማመልከቻ የወንድማማቾች ክስ ይሆንና፣ አባትየው መድኃኒት የሚገዛላቸው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ወራት ያልፋሉ።