«ይሄ ምኑ ፊልም ነው?» ለተባለባት ማርጋሬት ቴይት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ላፕቶፕ ከበን የማርጋሬት ቴይትን ፊልሞች በተርታ እያየን ነው። ስኮትላንዳዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1918 ኦርክኒ በሚባሉት ደሴቶች ተወልዳ በ1999 አረፈች። ከ30 በላይ አጫጭር ፊልሞችና አንድ ረጅም ፊልም አላት። ከመካከላችን ስሟን ቀድሞ የሰማ አልነበረም፤ ሁለተኛው ፊልም ሳያልቅ ግን ሁሉም ሐያሲ ሆኖ ቁጭ አለ። የተባለውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ታሪክ የለውም፣ ስለዚህ ፊልም አይደለም»

«ፖርትሬት ኦፍ ጋ» (1952) አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ መብራት ሳይሄድ ያልቃል። እናቷን ነው የቀረጸችው። እናትየው ሲጋራ ታጨሳለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ የተጣበቀ የከረሜላ ወረቀት ትልጣለች። በቃ። ግን ጣቶቿ ከዚያች ወረቀት ጋር ሲታገሉ ካሜራው አይቸኩልም፣ እዚያው ይቆያል፤ እኔ አያቴ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ። ቴይት ገጣሚም ነበረች፤ ሥራዎቿንም የፊልም ግጥም ነበር የምትላቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ አጭር ናት ብሎ የናቃት ግን የለም።

«እንግዲያው ወርቁን ፈልግ!»

ይሄኛው የእኛ የጎጃሞች በሽታ ነው። ቅኔ አገር ስላደግን ሁሉም ነገር ሰምና ወርቅ ይመስለናል። አንዱ ከረሜላው ልጅነት ነው አለ፣ ሌላው የለም ሞት ነው አለ፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። ቅኔ ቤት የዋለው ጓደኛችን ነው የገላገለን፦ «ከረሜላው ከረሜላ ነው። ዝም ብላችሁ እዩት።» እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ቴይት ነገሩን ሌላ ነገር እንዲወክል አትጠቀምበትም፤ ድንጋዩን፣ ውኃውን፣ እጁን ራሱን አይታችሁ እስክትጠግቡ ታሳያችኋለች። የተደበቀ ነገር የለም።

«ሐኪም ናት፣ ፊልሙ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዋ ነው»

ሐኪምነቷ እውነት ነው። ኤዲንብራ ተምራ በ1941 ተመረቀች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጊዜ በሠራዊቱ የሕክምና ክፍል እስያ ድረስ ሄዳ አገልግላለች። ከዚያ ግን ከ1950 እስከ 1952 ሮም በሚገኘው በታወቀው የፊልም ትምህርት ቤት ተማረች። ስትመለስ ተተኪ ሐኪም እየሆነች ትሠራለች፣ ደመወዟን ፊልም ላይ ታፈሰዋለች። ስለዚህ ነገሩ ግልብጥ ነው፦ ሥራዋ ፊልሙ ነበር፣ ሕክምናው ወጪ መሸፈኛ።

«ቀለሙ በኮምፒውተር የተሠራ ነው»

«ፔይንትድ ኤይትሰም» ያለቀው በ1970 ነው፤ የምን ኮምፒውተር! ካሜራ እንኳ የለበትም። ስምንት ሰው የሚጨፍረውን የስኮትላንድ ጭፈራ ሙዚቃ ይዛ ቀለሙን በቀጥታ የፊልሙ ጥቅል ላይ በእጇ ቀባች። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፣ ለአንዲት ደቂቃ 1,440 ማለት ነው። እስቲ ቁጭ ብላችሁ ቀቡት።

«ገጠር ገብታ ነው የተረሳችው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ኦርክኒ ተመልሳ እዚያው እየሠራች መኖሯ ከገንዘብ ሰጪዎችም ከአከፋፋዮችም አርቋታል። ግን ፊልሞቹም ከዚያው ነው የወጡት፤ የደሴቶቹን ነፋስና ብርሃን ትታ ሌላ ከተማ ብትኖር ምኑን ትቀርጸው ነበር? ረጅሙን ፊልሟን «ብሉ ብላክ ፐርማነንት»ን በ1992 ስታወጣ ዕድሜዋ ከ70 አልፏል። ረጅም ፊልም ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ስኮትላንዳዊት ሴት ተብላም ትጠቀሳለች። የኤዲንብራ ፊልም ፌስቲቫል ሥራዎቿን ሰብስቦ ያሳየው ግን በ2004 ነው፣ ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ።

የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጧቸዋል። በእናትየው ጀምሩ። ስልካችሁን ግን ወዲያ አድርጉት፣ ከረሜላዋ እንዳታመልጣችሁ።