«ድር ቢያብር» ስትሉ ያቺን «ቢ» አትርሷት

ሰሞኑን አንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ስብሰባው ስለ ዘላቂ ልማት ግቦች ነው። ከጤና፣ ከግብርና፣ ከውሃ፣ ከትምህርት፣ ከየእርዳታ ድርጅቱ ሰው ተጠርቷል። እዚያ ቤት ባለድርሻ አካል ያልተባለ ሰው ቢኖር ሻይ የሚቀዱት ልጆች ብቻ ናቸው። ከመድረኩ ጀርባ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ትልቅ የሸረሪት ድር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የተጠፈረ አንበሳ ተስሏል። አንበሳው ምንም የጨነቀው አይመስልም።

ንግግር ያደረጉት ሰውዬ «አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ» ብለው ጀመሩ። «ስለዚህ ሁላችንም በየዘርፋችን ጠንክረን ከሠራን አንበሳውን እናስረዋለን!» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ለምዶበት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። በየዘርፋችን? ተረቱ የሚለው ተቃራኒውን አይደለም እንዴ?

መጀመሪያ ሸረሪቷን ከዚህ ነገር እናስወጣት። የቤታችን ሸረሪት ደቦ አታውቅም። የቤታችን ጥግ ላይ ያለውን ድር ያደራችው አንዲት ሸረሪት ናት፣ ያውም ብቻዋን። ሌላ ሸረሪት ብትመጣባት ልትበላት ትችላለች እንጂ «ነይ እናብር» አትላትም። ስለዚህ ይሄ ተረት የተወለደው ጣሪያ ሥር ሳይሆን እንዝርት ያለበት ቤት ነው ባይ ነኝ።

ድር የሸማኔም ቃል ነዋ። ድርና ማግ እንላለን። ድር በርዝመቱ የሚወጠረው ነው፤ ማግ በመወርወሪያ እየተመላለሰ የሚያቋርጠው። ውጥረቱን የሚችለው ድሩ ስለሆነ ከማጉ ይልቅ ከረር ተደርጎ ይፈተላል። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ የእጅ ፈትል የቀረው ማጉ ላይ ነው። በአያቴ ጊዜ ግን ሁለቱም ከእንዝርት ይወጡ ነበር።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ቡልጋ ነው ቤቷ። ጥጡ ከቆላ በገበያ ይመጣላታል። ፍሬውን ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ትዳምጠዋለች፣ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። የእንዝርቷ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የንብ እምምታ ይመስላል። ማታ ማታ ልቃቂቶቹ ሙዳይ ውስጥ ተደርድረው ሳያቸው እንቁላል ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ሕፃን ክርስትና ሊነሳ የማተብ ክር እንድታዘጋጅ ለመኗት። እኔ አንዱን ጫፍ እንድይዝ ታዘዝኩ። ሌላውን እሷ በጣቶቿ መካከል እያሽከረከረች ትጠመዝዘዋለች። ክሩ እየከረረ እየከረረ ሄዶ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንዳትለቅ!» ትለኛለች። እንግዲህ ሊበጠስ ነው ስል መሃሉን በጥርሷ ነከሰችና ሁለቱን ጫፎች አገናኘቻቸው። ከዚያ ከጥርሷ ለቀቀችው። ክሩ እንደ እባብ ራሱ ላይ ተጠመጠመ፣ በቃ፣ ገመድ ሆነ። ማንም አልገመደውም፣ ራሱ ነው የተገመደው።

ለካሁት። ግማሽ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ከግማሽም አንሷል። «እምዬ፣ አጠረ እኮ!» አልኳት።

«እሱማ ሲያብር ያጥራል» አለችኝ፣ ዞር ብላም ሳታየኝ።

ነገሩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ክር ሲፈተል ወደ አንድ አቅጣጫ ይከርራል። ሁለቱ ሲያብሩ ግን የሚጠማዘዙት ወደ ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ክር ከራሱ ክረት ትንሽ ይለቃል፣ ከቁመቱም ትንሽ ይሰጣል። ልፈታ ልፈታ የሚለው ኃይሉ ነው መልሶ ጓደኛውን አንቆ የሚይዘው። ሁለት ክር ጎን ለጎን ብቻ ብታስቀምጡ ሁለት ክር ናቸው። ነፋስ ይለያያቸዋል። መቶም ብታደርጓቸው ያው ነው፣ እንዲያውም ይወሳሰባሉ።

እዚህ ላይ ሙጥኝ ያልኩበትን አንድ ሐሳብ ልናገር። አንበሳ በነገሥታቱ ዘመን የዙፋን ምልክት ነበር። ሸማኔው ደግሞ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ የሚሰደብ ሰው። የሚሰድቡት ሰዎች በበዓል ቀን የእሱን ኩታ ለብሰው ይኮፈሳሉ። ታዲያ ክር አንበሳን ያስራል ብሎ ማን ያስባል? ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚሸምነው ሰውዬ ነዋ! ለአንበሳው እንዳይሰማ በሹክሹክታ የተነገረ ቀልድ ነው እላለሁ። ቋንቋ የሚያስተምር ወዳጄ «ማስረጃህስ?» ብሎ ሳቀብኝ። ማስረጃዬ ምቱ ነው። ሸማኔ መርገጫውን በየተራ ሲረግጥ አዳምጡ፤ «ድር ቢያብር» ቀኝ እግር፣ «አንበሳ ያስር» ግራ እግር። ወዳጄ አሁንም እየሳቀ ነው። ይሳቅ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። የዘላቂ ልማት ግቦች በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። 17 ናቸው። 17ኛው ግብ ራሱ ስለ አጋርነት ነው፤ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ መጣ ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አወጀ። እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ቁመት ከዕድሜ ወደ ኋላ መቅረትን፣ ለማጥፋት ነው። ይሄ ቃል ኪዳን ደስ የሚለኝ አንበሳውን በትክክል ስላየው ነው። መቀንጨር የጤና ጣቢያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ በልቶ ውሃው ተቅማጥ ካመጣበት የበላው የለም። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ጓሮው ውስጥ ጎመንና እንቁላል ከሌለ ያው ነው። እናትየው ቀኑን ሙሉ እንጨትና ውሃ ስትሸከም ከዋለች ማን ያጥባው? ስለዚህ ጤናም፣ ግብርናም፣ ውሃም፣ ትምህርትም፣ ሴቶች ጉዳይም አንድ ላይ ተጠሩ።

አንበሳው ግን ቀላል አይደለም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 37።

ውሃው ላይ የተደረገውን ደግሞ እዩ። ዋን ዋሽ የሚባለው የመጠጥ ውሃና የንጽሕና ፕሮግራም ውሃን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና ገንዘብን አንድ ላይ ሲያመጣ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል ነገር ይዞ ተነሳ። እምዬ ብትሰማው ወዲያው ይገባት ነበር። «የእኔ ዕቅድ፣ የእኔ በጀት» የሚለው ሁሉ ትንሽ ማጠር አለበት ማለት ነው። መሬት ላይ ምን ያህል አጠረ የሚለው ሌላ ወሬ ነው።

አንድ ወረዳ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ቤት ሰኞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጣች። ረቡዕ የሴፍቲኔቱ መዝጋቢ። ዓርብ ደግሞ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሠራተኛ። ሦስቱም መዝገብ ይዘዋል። የልጇ ስም በሦስቱ መዝገብ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። «አንድ ላይ መጥታችሁ አንዴ ቡና ባፈላላችሁ ምን ነበረበት?» አለች እናትየው። በሦስቱ ሪፖርት ላይ ያ ልጅ ሦስት ልጅ ሆኖ እንደሚቆጠር እገምታለሁ።

እንግዲህ ተረቱን በየመድረኩ ለምትጠሩ ሁሉ ትንሽ ቁጣ አለኝ። «ቢያብር» ነው የሚለው፣ «አብሯል» አይደለም። ያቺ «ቢ» ቅድመ ሁኔታ ናት። እናንተ ገና አዳራሽ ስለሞላ የታሰረ አንበሳ ባነር ላይ ታሳትማላችሁ። ስንት ድርጅት እንደመጣ ትቆጥራላችሁ፣ የጋራ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ አበሉ ይፈረማል፣ ከዚያ ሁሉም ልቃቂቱን ይዞ ወደ ቤቱ። በዚያን ቀን ስብሰባ ከበጀቱ፣ ከስሙ ወይም ከሎጎው ስንዝር የለቀቀ አላየሁም። ማንም አላጠረም።

ማጠር ካልፈለጋችሁ ይህን ተረት ተውት። ሌላ አለላችሁ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እሱ ላይ እንኳ ሁሉም የራሱን ሎሚ ይዞ መሄድ ይችላል።