መተማ፦ ከጎንደር ቆላ ወረድ ሲባል

ጎንደር የሄደ ሰው ከፋሲል ግቢ በኋላ የሚያስበው ስሜንን ነው። የሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ ትዝ የምትለው ጥቂቱን ነው። ስሟን ግን ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአዘዞ በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጋቢ የደረበ ሰው ሸሕዲ ሳይደርስ ያወልቀዋል። ወባውም ቀልድ አያውቅም። ድንበሩ ደግሞ በበጋ የሚደርቅ አንድ ወንዝ ነው፤ ማዶው ገላባት፣ ሱዳን። መስመሩ የተሰመረው በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ነው።

ከዚያ በፊት መተማ ትልቅ ገበያ ነበረች። ቡናና ሰም ከደጋ ይወርድባታል፤ ባሪያም ይሸጥባት ነበር። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ተነስተው መካ ደርሰው ሲመለሱ እዚሁ የቀሩ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞችም ነበሩባት።

ጣጣው የመጣው በ1876 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት የዓድዋ ውል፣ ሱዳን ውስጥ በማህዲስቶች (በግብፅ አገዛዝ ላይ በተነሱት የማህዲ ተከታዮች) የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ተስማሙ። ማህዲስቶቹም ቂም ያዙ። በጥር 1880 ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 መተማ ላይ ገጠሟቸው። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ አዘንብሎ ሳለ ንጉሡን ጥይት አገኛቸው፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጓዝ ማህዲስቶቹ አሳደው ደረሱበትና የንጉሡን ጭንቅላት ቆርጠው ኦምዱርማን ወሰዱት። ዙፋኑ ወደ ምኒልክ ዞረ። ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

በጥቅምት 1933 ደግሞ እንግሊዞች በዊሊያም ስሊም መሪነት ገላባትን ከጣሊያን ነጥቀው ነበር። መተማን ግን አልቻሉም።

ግንብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ያዝናል፤ እውነቱን ለመናገር ለዓይን ብዙ ነገር የለም። እኔ ብመርጥ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው የምሄደው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ ሂላ ይሉታል። የደረቀው ፍሬ አፉን ወደ ላይ ይከፍታል። ያኔ ነዶውን ሸራ ላይ ገልብጦ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ሰሊጡ ይንሿሿል። ነፋስ ከቀደመ ግን የዓመት ልፋት መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በዚህ በር ገብቷል። የአማራ ክልል መንገድ ጸጥታም እንደ ድሮው አይደለም። ጎንደር ላይ ሹፌሮችን ሳይጠይቁ ጉዞ የለም።