ሊቤሮ ምንድን ነው? የፋቢ ሥራ መከላከል ብቻ አልነበረም

አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ ብራዚላዊቷ የመረብ ኳስ ተጫዋች ፋቢ ሲያወራ «ሊቤሮ ስለነበረች ስትከላከል ኖረች፤ ነጥብ እንኳ አታስቆጥርም» ብሎ አለፈ። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል።

ሊቤሮ ከኋላ መስመር ብቻ የምትጫወት፣ ከጓደኞቿ የተለየ ቀለም ማሊያ የምትለብስ ተከላካይ ናት። ብሎክ አታደርግም፤ ማለትም መረቡ ላይ ዘልላ የተጋጣሚን ምት አታግድም። ከመረቡ ከፍታ በላይ ያለን ኳስ መትታ ማሳለፍም አይፈቀድላትም። ነጥብ አለማስቆጠሯ እንግዲህ የሕጉ ጉዳይ ነው። ከዚህ ተነስቶ ሥራዋን ማሳነስ ግን ጨዋታውን አለማየት ነው።

መሬት ላይ ተወርውራ ኳስ ስታተርፍ ለዓይን ያምራል። ትልቁ ሥራዋ ግን ሰርቭ፣ ማለትም ተጋጣሚ ጨዋታውን የሚያስጀምርበትን ምት፣ መቀበል ነው። እየተምዘገዘገ የመጣውን ኳስ በክንዷ አለዝባ፣ ኳሱን ለመቺዎች በምታነሳው በአቀባይዋ እጅ ላይ ታደርሳለች። ኳሱ በትክክል ከደረሰ አቀባይዋ ወደ መሀል፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ መስጠት ትችላለች። ተጋጣሚ ብሎከሮች የት እንደሚዘሉ አያውቁም። ኳሱ ሁለት ሜትር ከሳተ ግን የመሀሉ ፈጣን ምት ቀረ። ያለው ምርጫ ወደ ዳር ከፍ አድርጎ መስጠት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁለት ብሎከሮች ቆመው ይጠብቃሉ።

ልብስ ስፌት ቤት ጨርቁን የሚቆርጠውን ሰው አስቡት። የሚወደሰው ለባሹ ነው፤ ቢበዛ ሰፊው። ቆራጩ አንድ ጣት ከሳተ ግን ጎበዝ ሰፊ ቢመጣ ትከሻው አይቀናም። ቆራጭ ለክቶ፣ አስቦ ይቆርጣል። ፋቢ ለዚያ የነበራት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የብራዚል አቀባይ ፎፋኦ ነበረች። ብራዚል አንድም የጨዋታ ዙር ሳታጣ ለፍጻሜ ደርሳ አሜሪካን 3 ለ 1 አሸነፈች። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ደግሞ በፍጻሜው የመጀመሪያውን ዙር በአሜሪካ 25 ለ 11 ተሸንፋ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ዙሮች አከታትላ ወሰደች። ያኔ የመሀል ብሎከሯ ፋቢያና ክላውዲኖ ተራዋ ዞሮ ከኋላ መስመር ስትደርስ ትወጣና ፋቢ ትገባለች። የፋቢያና ቁመት ከ1 ሜትር ከ90 በላይ፣ የፋቢ 1 ሜትር ከ69። «አጭር ስለሆነች ነው እዚያ የተደበቀችው» የሚሉ አሉ። የገባችው ረጅሟ ያን ያህል የማትችለውን ለመሥራት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሰልጣኞች የምንጨቃጨቅበት ነው። ሊቤሮዋ ከመረቡ 3 ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር ፊት፣ ወደ መረቡ በኩል ሆና በጣቷ ኳስ ካነሳች፣ ጓደኛዋ ያንን ኳስ ከመረቡ በላይ መትታ ማሳለፍ አትችልም። ከመስመሩ ጀርባ ከሆነች ግን ይቻላል። ስለዚህ አቀባይዋ የመጀመሪያውን ኳስ ስትነካ ሊቤሮዋ ሁለተኛ አቀባይ ትሆናለች፤ እግሯ የት እንደቆመ ተመልከቱ።

የቁጥር ወዳጆችም ልብ በሉ። ጎበዝ ሊቤሮ ጥቂት ሰርቭ ብቻ ተቀብላ ልትወጣ ትችላለች። ተጋጣሚ ስለሚፈራት ሰርቩን ወደ ሌላዋ ይልካል። በወረቀቱ ላይ «4 ኳስ ብቻ» የሚል ካያችሁ፣ የቀረው ሰርቭ ማን ላይ እንደወረደ ሳታዩ አትፍረዱ።